ላሊበላ፦ የውሃ መውጫና የሰው መግቢያ

ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ የታሰበ ቦታ ሲቀርብ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ይዞታ ካርታው፣ ስለ ስፋቱና ስለ ገንዘቡ ነው። ውሃው በየት ይወርዳል? ሕዝቡስ በየት ይገባል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚነሡት ብዙ ጊዜ መሠረቱ ከወጣ በኋላ፣ የመጀመሪያው የክረምት ጎርፍ ቅጽረ ግቢውን ሲያጥለቀልቀው ነው። ያን ጊዜ ቦይ ለመቆፈር ግንቡ መፍረስ አለበት፤ መንገድ ለማስፋት የጎረቤት አጥር መነካት አለበት። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ብዬ አምናለሁ። ሐሳቤን ለማስረዳትም ሁላችንም የምናውቀውን፣ ከዚህ አንጻር ግን እምብዛም የማናየውን ቦታ መርጫለሁ፦ ላሊበላን።

ስለ ላሊበላ ስንናገር የጠራቢዎቹ ጥበብ፣ የቅዱሱ ንጉሥ ራእይና የመላእክት ርዳታ ይቀድማሉ። ይገባቸዋልም። እኔ ግን ቦታውን እንደ አንድ የግንባታ ማመልከቻ አድርጌ ልመርምረው። «ተዳፋት ላይ ያለ ለስላሳ ድንጋይ አግኝተናል። ከላይ ወደ ታች ከ10 ሜትር በላይ እንቆፍራለን፤ በጉድጓዱ መካከል ቤተ ክርስቲያን እናቆማለን። አካባቢው በክረምት ኃይለኛ ዝናብ ይጥልበታል» የሚል ጥያቄ ዛሬ ለአንድ መሐንዲስ ቢቀርብለት መጀመሪያ የሚያስበው ጉድጓዱ ኩሬ እንደሚሆን ነው። ሥራው ግን ተሠርቷል፤ ከ800 ዓመት ገደማ በኋላም ይቀደስበታል። እንዴት ሆነ?

ቦታው

አብያተ ክርስቲያናቱ ያሉት በላስታ ተራሮች ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ 645 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ ከፍታቸውም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ከተማዋ ቀድሞ ሮሐ ትባል ነበር። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች መካከል ናቸው።

አቀማመጣቸው ለጉዳያችን ቁልፍ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ዮርዳኖስ የሚባለው ቦይ ቦታውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከእርሱ በስተሰሜን ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግልና እንደ አንድ የሚቆጠሩት ቤተ ጎልጎታ ወሚካኤል አሉ። በስተደቡብ ምሥራቅ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ልሔም ይገኛሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ከሁሉም ተለይቶ ወደ ምዕራብ፣ ተዳፋት በሆነ የድንጋይ ወለል ላይ ለብቻው ነው። ሁሉንም የሚያያይዛቸው የቦዮች፣ የጠባብ መተላለፊያዎችና የዋሻዎች መረብ ነው። የመሬቱ ዝንባሌ አለ፤ ውሃ የሚቀበል ዝቅተኛ መስመርም አለ። ማንኛውም የቦታ መረጣ ሊጀምርባቸው የሚገቡት ሁለት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ድንጋዩ ቀላ ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለመሮና ለመጥረቢያ ይመቻል፤ የዚያኑ ያህል ለዝናብ ይሸነፋል። ውሃ ይመጥጣል፣ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ፊቱ ይፈረፈራል፣ ስንጥቁ ይሰፋል። ስለዚህ በዚህ ቦታ የፍሳሽ ጉዳይ ከግቢ ንጽሕና በላይ ነው፤ ግድግዳው፣ ዓምዱና ጣሪያው ሁሉም ከዚያው ድንጋይ ስለሆኑ ውሃው ከቆየ የሚታመመው ሕንፃው ራሱ ነው።

ስሌቱ

ቤተ ጊዮርጊስን እንውሰድ፤ የሒሳቡ መንገድ ለማንኛውም የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሠራል። ጉድጓዱ ጎንና ጎኑ ከ20 ሜትር ያላነሰ፣ ጥልቀቱ ከ11 እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። በመካከሉ ያለው በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን በየጎኑ 12 ሜትር ያህል ነው። ለስሌት እንዲመች ጉድጓዱን 20 በ20፣ ማለትም 400 ካሬ ሜትር እናድርገው።

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ብርቱ የክረምት ዶፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር አወረደ ብለን እናስብ። በጉድጓዱ አፍ በቀጥታ የሚገባው 20,000 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ብንደረድር 100 በርሜል። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ወለል ቢያንስ 256 ካሬ ሜትር ነው። መውጫ ባይኖር እንኳ ውሃው ወለሉ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢቆም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በደረጃ በተጠረበ መሠረት ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ስለሆነ ይህ ውሃ ደጁን አያልፍም። እስከዚህ ድረስ ችግሩ የሚቻል ነው።

አሁን ከጉድጓዱ በላይ ያለውን ተዳፋት እንጨምር። ውሃውን ወደ ጉድጓዱ የሚልክ 1 ሄክታር መሬት ብቻ አለ እንበል። በዚያው ዶፍ የሚወርድበት 500,000 ሊትር ነው። ግማሹ መሬት ውስጥ ቢሰርግ እንኳ 250,000 ሊትር ወደ ጉድጓዱ ይመጣል። ከቀጥታው ዝናብ ጋር ተደምሮ ወለሉ ላይ 1 ሜትር ያህል ውሃ ይቆማል። በአንድ ሰዓት።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው ጉዳዩን ሁሉ የሚወስነው። ከሰማይ የሚወርደው 8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከጎን የሚመጣው ግን ሕንፃውን ያሰጥመዋል። ላሊበላን የቆፈሩት ሰዎች በሚሊ ሜትር አላሰሉት ይሆናል፤ ዳሩ ግን ጉድጓዱን ከዳገቱ ጎርፍ የሚነጥል፣ የገባውንም ወደ ቁልቁለቱ የሚያወጣ ቦይ ሳያበጁ አንድም ክረምት ሊሻገሩ አይችሉም ነበር። ሥራው በአንድ በጋ የሚያልቅ አይደለም። ቁፋሮው ገና 3 ሜትር ሲደርስ ሐምሌ ይገባል። መውጫ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ያለ ጠራቢ እስከ መስቀል ድረስ መሮውን አስቀምጦ ይጠብቃል። ስለዚህ ቦዩ በመጨረሻ የተጨመረ ጌጥ ሊሆን አይችልም፤ ከቁፋሮው ጋር እኩል፣ ምናልባትም ቀድሞ የወረደ መሆን አለበት።

ጣሪያውም ቸል አልተባለም። በቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹትን ሦስት መስቀሎች ሁሉም ፎቶግራፍ ያነሣል። ከጣሪያው ጠርዝ ወጣ ብለው የሚታዩትን የድንጋይ አሸንዳዎች ግን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ውሃው ግድግዳውን እየላሰ እንዳይወርድ ወደ ውጭ የሚተፉት እነርሱ ናቸው። በአንድ ጣሪያ ላይ ጸሎትና አሸንዳ አብረው ተጠርበዋል። እኔን ከመስቀሎቹ እኩል የሚያስደንቀኝ ይህ ጥንቃቄ ነው።

ያው ቦይ፣ ያው መንገድ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ የላሊበላ መልስ ከዘመናችን ፕላን ይለያል። እኛ የውሃ መስመርና የእግር መንገድ በሁለት የተለያዩ ሥዕሎች ላይ እንሠራለን። በላሊበላ ብዙ ቦታ አንድ ናቸው። በተዳፋት ላይ ያለ ጉድጓድ ከታችኛው ወገን የሚከፈት ቦይ ሲበጅለት ውሃው በዚያ ይወጣል፣ ምዕመኑም በዚያው ይገባል። ገደል የሚያህለው ቦይ ከላይ ሲታይ የጎርፍ መውረጃ ነው፤ ውስጡ ሲገቡበት ግን ሰውን ከገበያና ከቤት ነጥሎ ወደ ዐውደ ምሕረት የሚያደርስ መንገድ ነው። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የሚነሣው ጨለማ ዋሻ በምዕመናን ዘንድ የሲኦል ምሳሌ ሆኖ፣ ግድግዳ እየተዳሰሰ በጸሎት ይታለፋል። መተላለፊያው ራሱ የአምልኮው ክፍል ሆኗል።

ለግንባታውም መንገድ ያስፈልግ ነበር። ከቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ የወጣውን ድንጋይ በዚያው ግምታዊ ስሌት ብናየው 400 ካሬ ሜትር በ11 ሜትር 4,400 ሜትር ኩብ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን አካል ስንቀንስ ቢያንስ 2,800 ሜትር ኩብ ይቀራል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ መኪና ቢኖር 175 ጊዜ ያህል ይመላለስ ነበር፤ ተፈልፍሎ የወጣ ድንጋይ ደግሞ ቦታ ስለሚይዝ ምልልሱ ከዚህም ይበዛል። ያ ሁሉ በሰው ጉልበት ወጥቷል። የወጣው ድንጋይ የተከመረባቸውን ቦታዎች የፈረንሳይና የኢትዮጵያ አርኪዮሎጂስቶች ለይተው አጥንተዋል። ለአዲስ ግንባታ ቦታ ስንመለከትም ሲሚንቶና አሸዋ የጫነ መኪና በየት እንደሚገባ፣ የቁፋሮው አፈር የት እንደሚደፋ ካልጠየቅን አፈሩ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ቦዩ ላይ ነው።

ይህ አንድ የማድረግ ጥበብ ድክመትም አለው። መንገድ የሆነ ቦይ ሰው ካልሄደበት ይረሳል፤ ቦይ የሆነ መንገድ ደለል ከሞላበት ሁለቱንም አገልግሎት በአንድ ጊዜ ያጣል። የደረሰውም ይኸው ነው።

ቦዩ ሲዘጋ

የዩኔስኮ መዝገብ እንደሚገልጸው የፍሳሽ ቦዮቹ ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተሞልተው ቆይተው የተጠረጉት በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። የመሬት መንቀጥቀጥም መስመራቸውን አዛብቷል። በዚህም የተነሣ አብያተ ክርስቲያናቱ በውሃ ክፉኛ ተጎድተዋል፤ አብዛኞቹም በአሳሳቢ ሁኔታ ላይ ናቸው ይላል። ይህን ከላይ ካለው ስሌት ጋር አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ቦዩ ሲሞላ ከዳገቱ የሚመጣው ውሃ መሄጃ ያጣል። ቀስ እያለ በስንጥቅ ይገባል፤ በግድግዳው እግር ይቆምና ድንጋዩ ወደ ላይ ይስበዋል። ከላይ ዝናብ ከታች እርጥበት፣ መካከል ላይ ያለው ግድግዳ ከሁለት ወገን ይበላል።

የጥገናው ታሪክ እንደማየው በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ጣሪያዎች ሬንጅ ተቀብተው ነበር። ሬንጅ ዝናብን ይከለክላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ድንጋዩ ውስጥ የገባውን፣ ከታችም የሚሳበውን እርጥበት አፍኖ ያስቀራል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመሩት ሥራ ይህንን ልባስ አነሣ። ሥራው የተካሄደው ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በተመሠረተው ድርጅት ድጋፍ ነው፤ የድርጅቱ የመጀመሪያ ታላላቅ ሥራዎች አንዱም ላሊበላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት መጠለያዎች ተተከሉ። ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምንና አብሮት ያለውን ቤተ መስቀልን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ይሸፍናሉ። ጊዜያዊ እንዲሆኑ የታሰቡ ነበሩ። ዝናቡን ከጣሪያዎቹ ላይ መልሰዋል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ ሊካድም አይገባም። ግን ከባድ የብረት ምሰሶ በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ነፋስም ይገፋዋል። የከተማዋ ካህናትና ነዋሪዎች መጠለያው በቅርሱ ላይ ይወድቃል የሚለውን ሥጋታቸውን ደጋግመው ሲያሰሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2018 አደባባይ ወጡ። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2019 ላሊበላን ጎብኝተው አገራቸው ለጥበቃው እንደምታግዝ ቃል ገቡ።

መጠለያውን በተመለከተ የእኔ አቋም ይህ ነው። በስሌቱ ላይ የ8 ሳንቲ ሜትሩን ውሃ አስቀርቷል። የ1 ሜትሩን አይነካም። ከጣሪያው የሚሰበስበውም ውሃ ቢሆን አንድ ቦታ መውረድ አለበት፤ በቱቦ ከጉድጓዱ ርቆ ወደ ቁልቁለቱ ካልተወሰደ ተበትኖ ይወርድ የነበረው በአንድ ነጥብ ተጠራቅሞ ይወርዳል። ቤተ ጊዮርጊስ መጠለያ የለውም፤ እንዲያም ሆኖ ከሁሉም በተሻለ ሁኔታ የቆየው እርሱ ነው። ለዚህ የድንጋዩ ጥንካሬና የሥራው ዘመን የየራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። ለብቻው በተዳፋት ላይ መቀመጡ፣ አሸንዳውም በቦታው መኖሩ ግን ያለ ምክንያት የሚታለፍ ነገር አይደለም።

የገና ሌሊት ፈተና

የመግቢያ መንገድ የሚመዘነው በተራ ቀን አይደለም። ታኅሣሥ 29 ቀን በሺዎች የሚቆጠር ምዕመን፣ ብዙው በእግሩ ከሩቅ አገር ተጉዞ፣ ላሊበላ ይሰበሰባል። በቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ በማሜ ጋራ፣ ግማሾቹ ከታች በግቢው ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ይቀባበላሉ። ሕዝቡ በጉድጓዶቹ ጠርዝ ላይ ይደረደራል፤ በቦዮቹ ውስጥ ይተላለፋል፤ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ይፈስሳል።

እዚህ ላይ የማይታለፍ አደጋ አለ። መተላለፊያዎቹ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ተላልፎ የማይሄድባቸው ናቸው። በቅርስነታቸው ሊሰፉ አይችሉም፤ መስፋትም የለባቸውም። ስለዚህ የሚስተካከለው የሰው ፍሰት ነው። በታላላቅ በዓላት በአንዱ ቦይ መግቢያ፣ በሌላው መውጫ ብቻ ማድረግ፤ በጠርዞቹ ላይ የሚቆመውን ሰው ከገደሉ አፍ መመለስ፤ ሕመምተኛ የሚወጣበትን አንድ መስመር ምንጊዜም ክፍት መተው ያስፈልጋል። የብዙ ሺህ ሰው ክብደት በተሰነጠቀ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ የሚፈራው ለሰውም ለድንጋዩም ነው። ስለ መኪና ብዙ የምለው የለም፤ ከጠርዞቹ በራቀ ቦታ ይቁም፣ የቀረው መንገድ በእግር ይሁን። ተሳላሚው ሲያደርገው የኖረ ነው።

የከተማዋ ማደግ ደግሞ ሁለቱን ጥያቄዎች መልሶ ያጋጥማቸዋል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዛወሩ ተደርጓል፤ ኑሯቸውን የነካ ከባድ ውሳኔ ነው። ከዳገቱ በላይ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኮብልስቶንና አስፋልት በተጨመረ ቁጥር የሚሰርገው ውሃ ይቀንሳል። ቀደም ሲል ግማሹ ይሰርጋል ያልነው ሄክታር በሙሉ ቢነጠፍ ወደ ጉድጓዱ የሚመጣው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ለመንገድ ሲባል የሚነጠፈው ድንጋይ የፍሳሽ ጥያቄ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው በከተማው የፕላን ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት።

አስተያየቴ

ይህን ቦታ እንድገመግም ብጠየቅ የማቀርበው የሥራ ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ይሆናል። መጀመሪያ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ያለው ተፋሰስ ይለካ፤ የየጣሪያው፣ የየመንገዱና የየሰፈሩ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ በካርታ ይውጣ። ሰው በዝናብ ቀን ጃንጥላ ይዞ ውሃውን እየተከተለ ይሂድ፤ በበጋ የተሠራ ካርታ ይዋሻል። ከዚያ ከጉድጓዶቹ በላይ የዳገቱን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ዮርዳኖስ የሚወስድ መከላከያ ቦይ ከቅርሱ ሳይነካካ የሚያልፍበት መስመር ይጠና። ጥንታዊዎቹ ቦዮች በየዓመቱ በግንቦት፣ ሰኔ ሳይገባ ይጠረጉ፤ የሚወጣው ደለል መጠን ይመዝገብ፣ ምክንያቱም የትኛው ወገን እየተሸረሸረ እንዳለ የሚናገረው እርሱ ነው። የቤተ አማኑኤልን የመሰሉ ሥጋት ያለባቸው ሕንፃዎች ስንጥቆች ላይ መለኪያ ይደረግና ከክረምት በፊትና በኋላ ይነበብ።

ስለ መጠለያዎቹ ዕጣ መወሰን የሚቻለው ከዚህ በኋላ ይመስለኛል። ቦዮቹ በትክክል እየሠሩ ቢያንስ ጥቂት ክረምት ካለፉና የግድግዳዎቹ እግር መድረቁ ከተረጋገጠ፣ የትኛው መጠለያ እንደሚነሣ፣ የትኛው ቀለል ባለ እንደሚተካ በማስረጃ መነጋገር ይቻላል። ቦዩ ሳይስተካከል መጠለያውን ማንሣት የደከመውን ጣሪያ ለዶፍ አሳልፎ መስጠት ነው፤ መጠለያውን ይዞ ቦዩን መርሳትም ግድግዳውን ከታች ያስበላል።

ለአዲስ ቦታ የሚጨነቁ ኮሚቴዎች ደግሞ ከዚሁ ጉዳይ በቀጥታ የሚወስዱት ሥራ አለ። ቦታው ከመጽደቁ በፊት አንድ ክረምት ይለፍበት። ከግቢው በላይ ያለው መሬት ስፋት ይለካ፤ በ50 ሚሊ ሜትር ይባዛ፤ የሚገኘው ሜትር ኩብ ውሃ በየት በኩል፣ በማን መሬት ላይ አልፎ እንደሚወጣ በጽሑፍ ይስማሙ። መውጫው በጎረቤት ማሳ ወይም ደጅ የሚያልፍ ከሆነ ስምምነቱ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ይፈረም። የበዓለ ንግሥ ቀን ሕዝብ ብዛትም በመግቢያው ስፋት ልክ ይታሰብ፤ ታቦት ወጥቶ ሲመለስ የሚገባበትና አምቡላንስ የሚያልፍበት መንገድ በአንድ ጠባብ በር ላይ እንዳይጋጩ ሁለተኛ በር ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ይቀመጥ።